የሰነድ ኮመንቶችን ከኮድ ውስጥ በስክሪፕት ለቅሞ ማውጣት

ብዙ ፕሮጀክት ላይ ደህናው ማብራሪያ ያለው እዚያው ኮዱ ውስጥ ነው። ከፈንክሽኑ አናት ላይ አንድ ሰው ሦስት መስመር ጽፏል፤ ምን እንደሚቀበል፣ ምን እንደሚመልስ፣ መቼ ኤረር እንደሚሰጥ። ለብቻው የተጻፈው ሰነድ ግን ወይ የለም፣ ወይ ኮዱ ጥሎት ሄዷል። ያንኑ ነገር ደግሞ ከመጻፍ፣ ካለበት ለቅሞ የሚያወጣ ስክሪፕት መሥራት ያዋጣል።

ዝግጁ መሣሪያዎች አሉ። ጃቫ ከጃቫዶክ ጋር ነው የሚመጣው። ዶክሲጅን ከ1997 ጀምሮ የሲ ፕላስ ፕላስ ሰዎችን ሲያገለግል ኖሯል። ፓይተን ላይ ከ2008 ወዲህ ስፊንክስ አለ። የእናንተ ፕሮጀክት በአንዱ የሚስተናገድ ከሆነ እሱኑ ተጠቀሙ፤ ጊዜ አታባክኑ። የራሳችሁን ስክሪፕት የምትጽፉት ሦስት አራት ቋንቋ የተቀላቀለበት ፎልደር ሲኖራችሁ፣ ውጤቱን በራሳችሁ ቅርጽ ስትፈልጉ፣ ወይም የትኛው ፈንክሽን ማብራሪያ እንደሌለው ማወቅ ስትፈልጉ ነው።

ምሳሌዎቹን ሁሉ በፊደላችን ነው የጻፍኳቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፉ ቋንቋው የሚያውቀውን ቃል ተኩበት።

1. የሰነድ ኮመንት የትኛው እንደሆነ ወስኑ

ኮመንት ሁሉ ሰነድ አይደለም። "ይህን በኋላ አስተካክል" የሚል መስመር ሰነዳችሁ ውስጥ እንዲገባ አትፈልጉም። እያንዳንዱ ቋንቋ መለያው ለየቅል ነው።

ጃቫ፣ ጃቫስክሪፕት እና ፒኤችፒ ላይ የሰነድ ኮመንት በ /** ይከፈታል፤ በ */ ይዘጋል። አንድ ኮኮብ ብቻ ካለው ተራ ኮመንት ነው። ሦስት ኮኮብ ሲሆን መሣሪያዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። ጃቫዶክ ይቀበለዋል፤ የጃቫስክሪፕቱ ጄኤስዶክ ግን ሆን ብሎ ያልፈዋል። ረስት ላይ /// ከሥሩ ያለውን ነገር ይገልጻል፤ //! ደግሞ የተጻፈበትን ሞጁል ራሱን። አራት ስላሽ ከሆነ ረስት እንደ ተራ ኮመንት ነው የሚያየው። ጎ ልዩ ምልክት የለውም። ከዲክለሬሽኑ በላይ፣ ባዶ መስመር ሳይገባ የተጻፈ ኮመንት ሁሉ ሰነድ ነው። ፓይተን ጭራሽ ኮመንት አይጠቀምም። ዶክስትሪንጉ በፈንክሽኑ አካል ውስጥ መጀመሪያ የተቀመጠ ስትሪንግ ነው።

ስለዚህ ስክሪፕቱን ከመጀመራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ቋንቋ ሁለት ጥያቄ መልሱ። መለያው ምንድነው? የሚገልጸው ነገር ከሥሩ ነው ወይስ ዙሪያውን ያቀፈው? የቀረው ሥራ ሁሉ በእነዚህ ሁለት መልሶች ላይ ይቆማል።

2. ፋይሎቹን ሰብስቡ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ከዋናው ፎልደር ተነስታችሁ በኤክስቴንሽን ለዩ። የውጭ ላይብረሪ የሚወርድበትን ፎልደር፣ የቢልድ ውጤትን እና በማሽን የተፈጠሩ ፋይሎችን ዝለሉ። የፋይሎቹን ዝርዝር በስም ደርድሩት፤ አለዚያ ውጤቱ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ቅደም ተከተሉ ይለያያል። ፋይሉን ስትከፍቱ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን በግልጽ ንገሩት። አንዳንድ ዊንዶውስ ላይ ነባሪው ሌላ ስለሆነ በአማርኛ የተጻፈ ኮመንት ድብልቅልቁ ይወጣል።

3. በሪጀክስ ብቻ ለምን እንደማይሆን እዩ

መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው "ከ /** እስከ ቀጣዩ */ ድረስ ያለውን ሁሉ አምጣ" የሚል አንድ መስመር ሪጀክስ (ጽሑፍ ውስጥ የተወሰነ ቅርጽ የሚፈልግ ቀመር) ነው። የመጀመሪያው ፋይል ላይ ይሠራል። ሁለተኛውም ላይ። ከዚያ እንዲህ ያለ ኮድ ይመጣል፦

```
ዱካ = "ኮድ/**/*.ጄኤስ";
ገደብ = 50;

/**
 * ፋይሎቹን አንድ በአንድ ያነባል።
 */
ፈንክሽን አንብብ() {
```

የመጀመሪያውን መስመር ቀረብ ብላችሁ እዩት። ጥቅሱ ውስጥ ያለው የፋይል ዱካ ነው። ሁለቱ ኮኮቦች "ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ" ማለት ናቸው፤ ማንኛውም ፕሮጀክት ላይ የሚገኝ ነገር ነው። ሪጀክሱ ግን /** አየ፤ ኮመንት ተከፈተ አለ። መዝጊያውን ሲፈልግ ቀጥሎ ያለው ኮኮብ ከኋላው ነጥብ ነው ያለው፤ ስላሽ አይደለም። አለፈው። የገደቡን መስመር ዋጠ። እውነተኛውን ኮመንት መክፈቻም ዋጠ። በመጨረሻ የእውነተኛው ኮመንት መዝጊያ ላይ ደርሶ ቆመ። ውጤቱ የኮድ ቁራጭ የተለጠፈበት ማብራሪያ ነው። ኤረር የለም። ስክሪፕቱ በሰላም ያልቃል። ስህተቱ የሚታየው ሰነዱን የሚያነብ ሰው ሲደናገር ነው።

"እንግዲያው መጀመሪያ ስትሪንጎቹን ላውጣ፣ ከዚያ ኮመንት ልፈልግ" ብትሉ ደግሞ ተቃራኒው ይገጥማችኋል። ኮመንት ውስጥ አንድ ብቸኛ ጥቅስ አለ እንበል። በእንግሊዝኛ የተጻፉ ኮመንቶች ውስጥ አፖስትሮፍ ሞልቷል። ስክሪፕቱ እሱን የስትሪንግ መክፈቻ አድርጎ ይወስደውና እስከሚቀጥለው ጥቅስ ድረስ ያለውን ሁሉ ይጥላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። /** የሚለው ምልክት ብቻውን ትርጉም የለውም። ኮድ ውስጥ ከሆነ ኮመንት ይከፍታል፤ ስትሪንግ ውስጥ ከሆነ ተራ ፊደል ነው። ስለዚህ ስክሪፕቱ ከሁሉ በፊት ማወቅ ያለበት የት እንደቆመ ነው። ይህን ካወቀ ሌላው ይቀላል።

4. ያለበትን ቦታ የሚያውቅ አንባቢ ጻፉ

ፋይሉን ከግራ ወደ ቀኝ ፊደል በፊደል ታነባላችሁ። በእጃችሁ አንድ ተለዋዋጭ ትይዛላችሁ፤ አሁን ያለንበትን ሁኔታ የሚናገር። አራት ሁኔታ ይበቃል።

```
ሁኔታ = ኮድ
እስከ ፋይሉ መጨረሻ ድረስ፦

  ሁኔታ ኮድ ከሆነ፦
    " ወይም ' ከመጣ   → ጥቅሱን ያዝ፣ ሁኔታ = ስትሪንግ
    // ከመጣ         → ሁኔታ = የመስመር ኮመንት
    /* ከመጣ         → መነሻውንና መስመሩን መዝግብ፣
                      ሁለት ፊደል እለፍ፣ ሁኔታ = ብሎክ ኮመንት

  ሁኔታ ስትሪንግ ከሆነ፦
    \ ከመጣ          → ቀጣዩን ፊደል ዝለል
    የከፈተው ጥቅስ ከመጣ → ሁኔታ = ኮድ

  ሁኔታ የመስመር ኮመንት ከሆነ፦
    መስመሩ ካለቀ       → ሁኔታ = ኮድ

  ሁኔታ ብሎክ ኮመንት ከሆነ፦
    */ ከመጣ         → ከመነሻው እስከዚህ ያለውን አስቀምጥ፣
                      ሁኔታ = ኮድ
```

ሦስት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ /* ስታዩ ሁለት ፊደል ማለፍ ግዴታ ነው። አንድ ብቻ ካለፋችሁ /*/ የሚለው ኮመንት ተከፍቶ ወዲያው የተዘጋ ይመስላል፤ ኮኮቡን ሁለቴ ትጠቀሙበታላችሁ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ባክስላሽን "ከፊቱ ባክስላሽ ካለ ጥቅሱ አይዘጋም" በሚል አትፍቱት። "\\" የሚል ስትሪንግ ላይ መዝጊያው ጥቅስ ከፊቱ ባክስላሽ አለው፤ ግን ይዘጋል። ወደ ኋላ ከማየት ወደ ፊት መዝለል ነው ትክክለኛው።

ሦስተኛ፣ የመስመር ቁጥሩን በየትኛውም ሁኔታ ውስጥ ቁጠሩ። ባክስላሽን ተከትላችሁ የዘለላችሁት ፊደል የመስመር መጨረሻ ሊሆን ይችላል። እሱን ከረሳችሁ ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ይዛባል።

ብሎኩ ሲዘጋ በ /** የጀመረ መሆኑን አረጋግጡ። /**/ ከሆነ ባዶ ተራ ኮመንት ነውና ጣሉት። ሦስት ኮኮቡን በደረጃ 1 በወሰናችሁት መሠረት አስተናግዱት።

ሪጀክስ የምትወዱ ሰዎች ይህንኑ በአንድ ሪጀክስ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ስትሪንግን፣ የመስመር ኮመንትንና ብሎክ ኮመንትን በ"ወይም" አያይዛችሁ ከግራ ጀምሮ ቀድሞ የተገኘውን እንዲወስድ ማድረግ ነው። የተገኘው ስትሪንግ ከሆነ ትጥሉታላችሁ። ሐሳቡ ያው ነው። እኔ ግን ፊደል በፊደል የሚያነበውን እመርጣለሁ፤ ሲሳሳት የት እንደተሳሳተ ማየት ይቻላል።

የዚህ አንባቢ ወሰኑም መታወቅ አለበት። ጃቫ ከ15ኛው ቨርዥን ጀምሮ በሦስት ጥቅስ የሚከፈት ባለብዙ መስመር ስትሪንግ አለው፤ ከአንዱ ጥቅስ በፊት ሦስቱን መፈተሽ አለባችሁ። ረስት ላይ ብሎክ ኮመንት በብሎክ ኮመንት ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ጥልቀቱን መቁጠር ያስፈልጋል። ነጠላ ጥቅስም እዚያ ሁልጊዜ የጽሑፍ ምልክት አይደለም።

ጃቫስክሪፕት ከሁሉም ይብሳል። በባክቲክ (`) የሚጻፈው ስትሪንግ በውስጡ እንደገና ኮድ ይይዛል። የሪጀክስ አጻጻፉ ደግሞ በአንድ ስላሽ ስለሚጀምር ከማካፈል ምልክት የሚለየው ከፊቱ ያለውን በማየት ብቻ ነው። ፕሮጀክታችሁ ዘመናዊ ጃቫስክሪፕት የሞላበት ከሆነ በእጅ አትልፉ፤ ትሪ ሲተር የሚባለውን ኮድ አንባቢ መሣሪያ ወይም የታይፕስክሪፕትን ኮምፓይለር ተጠቀሙ። ኮመንቶቹን ከነቦታቸው ይሰጧችኋል።

5. ጽሑፉን አጽዱ

የተገኘው ነገር ገና ጥሬ ነው፦

```
/**
 * የትዕዛዙን ጠቅላላ ዋጋ ያሰላል። ቅናሽ ካለ ቀድሞ ይቀንሳል።
 *
 * @ፓራም ዕቃዎች የተመረጡት ዕቃዎች ዝርዝር፣
 *     ባዶ መሆን የለበትም
 * @ሪተርን ጠቅላላ ዋጋ
 */
```

መክፈቻውንና መዝጊያውን ቁረጡ። ከዚያ በእያንዳንዱ መስመር ከፊት ያለውን ክፍት ቦታ፣ አንድ ኮኮብ፣ ከኮኮቡ ቀጥሎ ያለውን አንድ ክፍት ቦታ አንሱ። አንድ ብቻ። ክፍት ቦታውን ሁሉ ካጠፋችሁ በኮመንቱ ውስጥ ያለ የኮድ ምሳሌ ገባ ወጣ ማለቱን ያጣል። ኮኮቦቹን ሁሉ ካጠፋችሁ ደግሞ በማርክዳውን በኮኮብ የተጻፈ ዝርዝር ይጠፋል።

ቀጥሎ መግለጫውን ከታጎቹ፣ ማለትም እንደ @ፓራም ካሉት በ @ ከሚጀምሩ ክፍሎች፣ ለዩ። ከመጀመሪያው ታግ በፊት ያለው ሁሉ መግለጫ ነው። አንድ ታግ የሚያልቀው ሌላ ታግ ሲጀምር ነው እንጂ መስመሩ ሲያልቅ አይደለም። ከላይ ባለው ምሳሌ "ባዶ መሆን የለበትም" የሚለው የ @ፓራም አካል ነው። ታግ የምትሉት በመስመሩ መጀመሪያ ላይ ያለ @ ብቻ ይሁን። መሐል ላይ ያለው የኢሜይል አድራሻ ሊሆን ይችላል። በሦስት ባክቲክ በተከበበ የኮድ ምሳሌ ውስጥ ያለውንም @ አትቁጠሩ፤ እዚያ ያለው አኖቴሽን ነው።

ማውጫ ላይ ለማስቀመጥ አጭር መግለጫ ትፈልጋላችሁ። የተለመደው የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር መውሰድ ነው፤ ጃቫዶክም እንደዚያ ያደርጋል። በነጥብ ብቻ ከቆረጣችሁ ግን በአማርኛ የተጻፈው ኮመንት ሙሉ አንቀጹን ይዞ ይመጣል። አራት ነጥብን ጨምሩ። ሌላም አለ። ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ነው፤ ስክሪን ላይ ያው ይመስላል፤ ለስክሪፕቱ ግን ሌላ ነው። ሁለቱንም እንደ መጨረሻ ቁጠሯቸው።

6. ኮመንቱን ከባለቤቱ ጋር አገናኙ

ባለቤት የሌለው ማብራሪያ ለማንም አይጠቅምም። ኮመንቱ ካለቀበት ጀምሮ ክፍት ቦታዎችን ዝለሉ። ተራ ኮመንት ወይም በ @ የሚጀምር አኖቴሽን ካለ እሱንም ዝለሉ። ከዚያ እስከሚቀጥለው { ወይም ; ወይም = ድረስ ያለውን አንብቡ። ፈንክሽን ነው? ክላስ ነው? ተለዋዋጭ ነው? እዚህ ላይ ሪጀክስ ምንም ችግር የለበትም። የት እንዳላችሁ ታውቃላችሁ፤ የምታዩትም አንድ አጭር ቁራጭ ነው። አኖቴሽኑ ቅንፍ ካለው እስከ ቅንፉ መዝጊያ ድረስ ዝለሉ፤ ውስጡ = ሊኖር ይችላል።

የሰነድ ኮመንቱን ወዲያው ሌላ የሰነድ ኮመንት ከተከተለው፣ በፋይሉ አናት ላይ ከሆነ የፋይሉ ማብራሪያ አድርጋችሁ ውሰዱት። ምንም ባለቤት ካልተገኘ አትጣሉት፤ "ባለቤት አልተገኘም" ብላችሁ ከፋይሉ ስምና ከመስመር ቁጥሩ ጋር መዝግቡት። ይህ ዝርዝር የስክሪፕታችሁን ጉድለት ያሳያል፤ ብዙ ጊዜም የተሰረዘ ፈንክሽን ትቶት የሄደውን ኮመንት ያጋልጣል።

7. ለፓይተን የቋንቋውን የራሱን ፓርሰር ተጠቀሙ

ፓይተን ላይ ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም። ከቋንቋው ጋር የሚመጣ ኤኤስቲ የሚባል ሞጁል አለ፤ ፓርሰር፣ ማለትም ኮዱን አንብቦ አወቃቀሩን የሚያወጣ፣ በውስጡ ይዟል። ፋይሉን በባይት መልክ አንብባችሁ ፓርስ ለሚለው ፈንክሽን ስጡት። በባይት ከሰጣችሁት ፋይሉ አናት ላይ የተጻፈ የኢንኮዲንግ ማስታወቂያ ካለ ራሱ ያከብረዋል። የሚመልስላችሁ የኮዱን ዛፍ ነው። ለሞጁሉ፣ ለእያንዳንዱ ክላስና ለእያንዳንዱ ፈንክሽን ጌት ዶክስትሪንግ የሚለውን ጥሩ። ዶክስትሪንግ ካለ መግቢያውን አስተካክሎ ይሰጣል፤ ከሌለ "ነን" የሚባለውን ባዶ ዋጋ ይመልሳል።

ዛፉ ላይ የምትዞሩት ዎክ በሚባለው የሞጁሉ ፈንክሽን ከሆነ ሁሉንም ታገኛላችሁ፤ ግን ማን በማን ውስጥ እንዳለ አታውቁም። ሁለት ክላሶች ውስጥ "አስቀምጥ" የሚል ሜተድ ካለ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ይጠፋል። ስለዚህ ራሱን የሚጠራ ትንሽ ፈንክሽን ጻፉ፤ ወደ ልጆቹ ሲወርድ የወላጆቹን ስም ይዞ ይሂድ። ያኔ "ትዕዛዝ.አስቀምጥ" የሚል ሙሉ ስም ይወጣል። ኤሲንክ ፈንክሽን በዛፉ ላይ ከተራው ፈንክሽን የተለየ ዓይነት ነው። እሱን መርሳት የተለመደ ነው፤ ከረሳችሁት ግማሹ ኮድ ሳይታይ ያልፋል።

በኤፍ የሚጀምር ስትሪንግ ዶክስትሪንግ አይሆንም፤ ቦታው ትክክል ቢሆንም ቋንቋው አይቀበለውም። በ # የተጻፉ ኮመንቶችም ዛፉ ላይ የሉም። እነሱን ከፈለጋችሁ ቶከናይዝ የሚባለው ሞጁል አለ።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ዶክስትሪንግ ለማንበብ ብላችሁ ሞጁሉን ኢምፖርት አታድርጉ። ኢምፖርት ማድረግ ፋይሉን ማስኬድ ነው። ፋይሉ ሲከፈት ዳታቤዝ የሚያገናኝ ወይም ፋይል የሚሰርዝ መስመር ካለው ይፈጽመዋል። የማታውቁት ሰው ኮድ ከሆነማ አደጋው የባሰ ነው። ኤኤስቲ ግን ያነባል እንጂ አያስኬድም።

ፓርሰሩ የሚያውቀው ስክሪፕቱ የሚሮጥበትን የፓይተን ቨርዥን ሰዋስው ነው። ማች የሚለውን አጻጻፍ የያዘ ፋይል ከ3.10 በታች ባለ ፓይተን ላይ ሲንታክስ ኤረር ይሰጣል። ኤረሩን በፋይል ደረጃ ያዙት፤ የፋይሉን ስም መዝግባችሁ ወደ ቀጣዩ እለፉ። አንድ የተበላሸ ፋይል ሥራውን ሁሉ ማቆም የለበትም።

8. ውጤቱን መጀመሪያ በጄሰን አስቀምጡ

በቀጥታ ወደ ማርክዳውን ወይም ወደ ኤችቲኤምኤል አትሂዱ። ለእያንዳንዱ ግኝት ፋይሉን፣ መስመሩን፣ ዓይነቱን፣ ሙሉ ስሙን፣ መግለጫውንና ታጎቹን የያዘ አንድ መዝገብ ጻፉ። ሌላ ትንሽ ስክሪፕት ከዚያ ተነስቶ ገጹን ይሥራ። መልኩን ለመቀየር ስትፈልጉ ፓርሰሩን አትነኩም።

የፓይተን ጄሰን ጸሐፊ ካልተነገረው በቀር አማርኛውን ወደ ቁጥር ኮድ ይለውጠዋል። ኮምፒውተሩ ያነበዋል፤ ሰው ግን አያነበውም። ኢንሹር አስኪ የሚለውን አማራጭ ፎልስ አድርጉት።

9. ወጥመድ የሞላበት ፋይል አዘጋጁ

ስክሪፕቱን በደህና ኮድ ላይ መሞከር ምንም አያሳይም። ሆን ብላችሁ አስቸጋሪ ፋይል ጻፉ። ደረጃ 3 ላይ ያየነው ዱካ ይኑርበት። በ"\\" የሚያልቅ ስትሪንግ፣ /**/ እና /*/፣ ኮመንት ውስጥ ያለ ብቸኛ ጥቅስ፣ የድረ ገጽ አድራሻ የያዘ ስትሪንግ፣ ሳይዘጋ የቀረ ኮመንት፣ ባለቤት የሌለው ኮመንት፣ በኮኮብ የተጻፈ ዝርዝር ጨምሩ። የሚጠበቀውን ውጤት በእጃችሁ ጽፋችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። ስክሪፕቱን በነካችሁ ቁጥር አወዳድሩ። አዲስ ችግር በተገኘ ጊዜ ደግሞ ያንን ቁራጭ እዚሁ ፋይል ላይ ጨምሩት።

የድረ ገጽ አድራሻው ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን // ስላለበት ያለበትን ቦታ የማያውቅ ስክሪፕት ከዚያ በኋላ ያለውን መስመር ሁሉ ኮመንት ነው ብሎ ይቆርጠዋል።

10. የሌለውንም አውጡ

እስካሁን የሰበሰባችሁት የተጻፈውን ነው። ለቡድን ከዚህ የሚበልጠው ያልተጻፈው ዝርዝር ነው። ፓይተን ላይ ቀላል ነው፤ "ነን" የመለሰውን ሁሉ መዝግቡ። ሌሎቹ ላይ የደረጃ 4 አንባቢ ኮድ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ ያገኛቸውን የፈንክሽንና የክላስ ስሞች ሰብስባችሁ ማብራሪያ ካላቸው ጋር አነጻጽሩ። ፓይተን ላይ በአንደርስኮር የሚጀምሩትን፣ ሌላ ቦታ ላይ ፕራይቬት የተባሉትን ተዉ፤ ለውጭ ተጠቃሚ አይደሉም።

ስክሪፕቱ በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ በራሱ እንዲሮጥ አድርጉ። በመጀመሪያው ቀን "ሁሉም ማብራሪያ ይኑረው" ብላችሁ ቢልዱን ከዘጋችሁት ሰው አንድ መስመር ትርጉም የለሽ ኮመንት እየለጠፈ ያልፋል። "አስቀምጥ፦ ያስቀምጣል" የሚል ማብራሪያ ከምንም አይሻልም። ከዚያ ይልቅ ዛሬ ያለውን የጎደለ ብዛት በአንድ ፋይል ጻፉትና ከጊት ጋር አስገቡት። ብዛቱ ከጨመረ ቢልዱ ይውደቅ፤ የየትኛው ፋይል የትኛው መስመር እንደሆነም ይናገር። ከቀነሰ ስክሪፕቱ ፋይሉን በአዲሱ ቁጥር ይተካው።